የአሮጊቷ ልብ

ድልድይ ልትሠራ ተምራ ልብ ስትሠራ የቀረች አንዲት ሴት ነበረች። የሥራ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው "መሐንዲሷ" ይሏታል። ክፍሏ በዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል፤ በሩ ካልገፉት አይዘጋም፤ ኮምፒውተሮቹ ሌት ተቀን ስለሚሠሩ ክፍሉ ሁልጊዜ እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል። ሌሎቹ በሙቀቱ ሲያማርሩ እሷ አታማርርም። ያደገችው ከዚህ በባሰ ሙቀት ውስጥ ነው። ግን ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ልብ በትልቁ የምስል ማንሻ መሣሪያ ይነሣል። ምስሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና እንደ ዓሣ መረብ በጥቃቅን ቋጠሮዎች ይሞላል። እያንዳንዱ ቋጠሮ የሕዋሶች መንደር ነው። ሕዋስ ደግሞ ለብቻው ከቤቱ አልፎ የሚያውቀው ነገር የለም። ጎረቤቱ ሲነካው ይነቃል፣ በሩን ከፍቶ ጨው ያስገባል፣ ይኮማተራል፣ ቀጥሎ ያለውን ነክቶ ያርፋል። ደም የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አልሰማም። ሆኖም ማን ከማን ጋር እንደተጎራበተ፣ ማን ከማን እንደተቆራረጠ ከታወቀ፣ ያ ልብ በአንድ ምት ምን ያህል ደም እንደሚገፋ፣ መቼ እንደሚደክመው፣ የት ቢነካ ግራ እንደሚጋባ ማስላት ይቻላል። የመሐንዲሷ ሙያ ይህን ጉርብትና በቁጥር መጻፍ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጎብኚ በመጣ ቁጥር "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሳይል አይቀመጥም። ጸጉሩን አበጥሮ የማያውቀውና "ጎፈሬው" የሚሉት ባልደረባቸው ደግሞ ከኋላ ሆኖ በለሆሳስ "አንበሳውም ሰለቸው" ይላል።

የልቦቹን ቅጽል ስም የሚያወጣውም ይኸው ጎፈሬው ነበር። በሕጉ መሠረት የባለ ልቡ ስም በሥራው ውስጥ አይጠራም፤ በቁጥር መጥራት ደግሞ ለምላስ አይመችም። ስለዚህ ግድግዳው የወፈረውን፣ ሲነኩት ለመንቀሳቀስ የሚያመነታውን ልብ "ባለሥልጣኑ" አሉት። ምት እየዘለለ የሚያስቸግራቸውን "አጭበርባሪው" አሉት። ከሁሉም የተወደደችው ግን "አሮጊቷ" ነበረች። በግራ በኩል የቆየ ጠባሳ አላት፤ በጠባሳው ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ሞተዋል። በሌሎቹ ልቦች ላይ ያን ያህል ግንኙነት ሲቆርጡ ምቱ እንደ ወንዝ አዙሪት በቦታው መሽከርከር ይጀምርና ልቡ መግፋቱን ያቆማል። አሮጊቷ ላይ ግን የምቱ ማዕበል ጠባሳው ዘንድ ሲደርስ ይከፈላል፣ በዙሪያው ያሉት ይቀባበሉታል፣ ዘግይቶም ቢሆን ማዶ ይደርሳል። ለምን እንደሚደርስ ለማወቅ ዓመታት ሠርተውባታል። የመሐንዲሷ ስም በሙያው ውስጥ የታወቀው በአሮጊቷ ነው።

አሮጊቷ የገዛ እናቷ ልብ ነበረች። ይህንን ከመሐንዲሷ በቀር በክፍሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እናትየው ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስትተኩስ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ተኳሿ" ይላታል። አዲስ ተከራይ በመጣ ቁጥር የቀድሞ ወታደር ትመስለውና በአክብሮት ገለል ብሎ ያሳልፋታል፤ እሷም "መፈራትም ደስ ይላል" ብላ አታርመውም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትቀመጠው በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር፣ በአንሶላ ክምር ላይ ነበር። ሂሳብ የሠራችው እዚያ ነው። እርጥብ ጨርቅ ካውያ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ዛሬም በድንገት ይመጣባታል፤ ያ ሽታ ሲመጣባት የምታስታውሰው ግን ሂሳቡን አይደለም።

አንድ የዕረፍት ቀን አብራት የምትማር ልጅ ከነቤተሰቧ ሆቴሉ ውስጥ ልትዋኝ መጣች። መንገድ ጠፍቷቸው በምድር ቤቱ ኮሪደር ብቅ አሉ። የተኳሿ ልጅ አየቻቸውና ከአንሶላ ጋሪው ኋላ ተደበቀች። እናትየው ካውያዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ነገሩ ገባት። ጋሪውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ይበልጥ ከለለቻት። እንግዶቹ መንገዱን ጠየቁ፤ አሳየቻቸው፤ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

የልቡ ነገር የተጀመረው በእራት ላይ ነው። መሐንዲሷ በዕድሜ የገፋ ሰው ልብ ፈልጋ አጥታ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዋሻ የመሰለውን መሣሪያ እየፈሩ እንደቀሩባት አወራች።

"የኔ አይሆንም?" አለች እናትየው።

"አትፈሪም?"

"እንፋሎት ውስጥ የኖርኩትን ሴትዮ ዋሻ ያስፈራኛል?"

ሄዱ። ምስሏ ከመነሣቱ በፊት መሐንዲሷ ሕጉን አነበበችላት፦ ፈቃደኛዋ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳትሰጥ፣ ምስሏና ከምስሏ የተሠራው ሁሉ እንዲጠፋ መጠየቅ ትችላለች። እናትየው "ይሄማ ጥሩ ሕግ ነው" አለች።

ምስል የምታነሣው ባለሙያ ወደ ክፍሉ ስትገባ ግን ኃላፊውም ሊያይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ይኸው ኃላፊ ከጥቂት ቀናት በፊት ፕሮፌሰር ስለነበሩት አባቱ ሲያወራ ቆይቶ፣ "የአንቺ ወላጆችስ?" ብሏታል። "እናቴ ሆቴል ውስጥ ናት" ብላ መለሰች። "ሆቴል ማስተዳደር ከባድ ነው" አለ እሱ። እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናትየው አሁን በላስቲክ ጫማዋ፣ ካውያ በጠባበሰው እጇ፣ ክፍሉ መኻል ቆማለች።

"እኚህ እናት ደግሞ ማን ናቸው?" አለች ባለሙያዋ።

"ፈቃደኛ ናቸው" አለች መሐንዲሷ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን የሥራ ቋንቋ ስለሚመስል ተወችው። እናትየውም የሥራ ቋንቋ መስሏት ፈገግ አለች። ከመስታወቱ ማዶ ሆና በማይክሮፎኑ መመሪያ የሰጠቻት ራሷ መሐንዲሷ ነበረች፦ "ትንፋሽዎን ይያዙ… አሁን መተንፈስ ይችላሉ።" እናትየው ማታውኑ ጎረቤቷ ለሆነው ጡረተኛ ፖስተኛ "እርስዎ አለችኝ እኮ!" ብላ አጫወተችው። "ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አጥብቼ፣ አስተምሬ፣ ገና ዛሬ እርስዎ ተባልኩ።" ሁለቱ እየሳቁ አመሹ። መሐንዲሷም ሳቀች።

ጠባሳውን ያየችው ያኔ ነው። ለልብ ሐኪም አሳየች፤ ሐኪሙ ያረጀ ነው ብሎ በየጠዋቱ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘ። "መቼ ነው የያዘሽ?" ብላ ስትጠይቃት እናትየው ብዙም አላሰበችበትም። "እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ሰሞን ትከሻዬን አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። የካውያው ነው ብዬ ተውኩት። አንቺ ልትመረቂ ስትሯሯጪ መሰለኝ።"

ጎፈሬው "አሮጊቷ" የሚለውን ስም ሲያወጣ ክፍሉ ሳቀ። መሐንዲሷም አብራ ሳቀች። ከሳምንት በኋላ ራሷም ትለው ጀመር፤ "አሮጊቷ ዛሬ እንዴት አደረች?" እያለች ትገባለች። ማታ ቤቷ ስትደርስ እናትየው በሩን ትከፍትላታለች።

እንዲህ እያለ የዩኒቨርሲቲው በር ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን መጣ። መሐንዲሷ ለእናቷ አልነገረቻትም። የነገራት ፖስተኛው ነው፤ ለዓመታት የሰው ወሬ ቤት ለቤት ሲያደርስ ስለኖረ በጡረታም አልተወውም። "ልብሽን ለሕዝብ ሊያሳዩት ነው፣ ተኳሿ" አላት። እናትየው ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ልጇን በድንገት ደስ ልታሰኝ ከእሱ ጋር መጣች። ክፍሉ በሰው ተጨናንቆ ነበርና ከኋላ በሩ ዘንድ ቆሙ።

ከፊት ጎፈሬው ይናገራል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ ልቧ ይመታል፤ ማዕበሉ በብርቱካናማ ቀለም ይሄዳል።

"ይቺን አሮጊቷ ነው የምንላት" አለ። "ብትቆርጧት አትቆረጥም፣ ብትበጥሷት አትበጠስም። ሞትም ረስቷታል መሰለኝ።"

ሰዉ ሳቀ። ከፊት የነበረች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "የማን ልብ ነው?"

"እሱን መሐንዲሷ ትንገራችሁ" አለ ጎፈሬው።

መሐንዲሷ ቀና ስትል ዓይኗ በሰዉ አናት ላይ አልፎ በሩ ላይ አረፈ። ሰማያዊውን ቀሚስ አየች። እናትየው አገጯን ከፍ አድርጋ፣ ስሟ ሊጠራ እንደተቃረበ ተማሪ ትጠብቃለች። ኃላፊው ከጎን ቆሟል። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር። ሕጉ የባለ ልቡን ስም መጥራት እንደሚከለክል እውነት ነው፤ "እናቴ ናት" ማለትን ግን፣ እናትየው ቆማ ፈገግ እያለች፣ ማንም አይከለክላትም ነበር።

"የአንዲት ፈቃደኛ ነው" አለች። "ማንነታቸውን አናውቅም።"

ፖስተኛው አፉን ሊከፍት ሲል እናትየው እጅጌውን ስትይዝ አየች። ሰዉ ወደሚቀጥለው ልብ ዞረ። መሐንዲሷ እንደገና ስታይ በሩ ላይ ማንም የለም።

እቤት ስትደርስ እናትየው ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። የመሐንዲሷ ሸሚዝ ነው፣ ለነገ የምትለብሰው። ቀና አላለችም።

"ምሳ በልተሻል?" አለች።

"እማዬ…"

"ልቤን መልሺልኝ።"

"ምን?"

"በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳልሰጥ። አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ።" ካውያውን አስቀመጠች። "ምክንያት ግን እሰጥሻለሁ። ያኔ ጋሪውን የገፋሁልሽ ልጅ ስለነበርሽ ነው። አሁን ጸጉርሽ እየሸበተ ነው። ከዚህ በኋላ ጋሪ አልገፋም።"

መሐንዲሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ይቅርታ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣላት ሥራው ነበር፤ የዓመታት ስሌት ሁሉ፣ ያልታተመው ጽሑፍ፣ በዚያች ጠባሳ ዙሪያ የተሠራው መንገድ ሁሉ ይጠፋል። ይህን እንዳሰበች ገባትና ፊቷ እንደ ካውያው ጋለ። ከዚያ በኋላም ከዚያ ቀን ሁሉ ይበልጥ የምታፍረው በካደችበት ቃል ሳይሆን በዚህች ቅጽበት ሆነ።

በማግሥቱ ለኃላፊው ነገረችው።

"አሮጊቷ እንድትጠፋ ተጠይቀናል።"

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። "ማን ጠየቀ? የልቡ ባለቤት? ስልካቸውን ስጪኝ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ሰው ሲያስረዱት ይገባዋል።"

"እናቴ ናቸው።"

ጎፈሬው ከኮምፒውተሩ ዞረ። ኃላፊው "ሆቴል የሚያስተዳድሩት?" አለ።

"አንሶላ ነው የሚተኩሱት። እርስዎ ሲሳሳቱ አላረምኩም።"

"ታዲያ እናትሽ ከሆኑማ ቀላል ነው። ለምኛቸው።"

"በምን አፌ?"

ኃላፊው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ጎፈሬው "እኔ እኮ… እንደዚያ ስል…" ብሎ ጀመረ።

"አንተ አታውቅም ነበር" አለች። "እኔ እያወቅኩ ነው አብሬህ የሳቅኩት።"

እናትየው ሲጠፋ ካላየሁ አላምንም ስላለች መጣች። ሰማያዊውን ቀሚስ አልለበሰችም። ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ ጎፈሬው ወንበር ይዞላት መጣ።

"እማማ፣ ይቀመጡ።"

"አንተ ነህ አሮጊቷ ያልከኝ?"

"እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አልዋሸህም። አሮጊት ነኝ። የማያውቀኝ ሰው አሮጊት ቢለኝ አልቀየምም።" ይህን ስትል ልጇን አላየችም። ማየትም አላስፈለጋትም። "ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ይምታ።"

መሐንዲሷ ልቡን አስነሣችው። ማዕበሉ ከላይ ተነሥቶ ወረደ። እናትየው ጠጋ ብላ፣ ልብስ ላይ እድፍ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኗን አጥብባ አየች።

"ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?"

"ጠባሳዋ ናት።"

"ዞሯት ሄደ።"

"በዙሪያዋ ያሉት እየተቀባበሉ ነው የሚያሻግሩት።"

"ዘገየ።"

"ዘገየ" አለች መሐንዲሷ። "ግን ይደርሳል።"

እናትየው ሌላ ምት ጠበቀች፤ ሌላም። ከዚያ "በይ አጥፊው" አለች።

ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞሮ የመኪና ማቆሚያውን ማየት ጀመረ። መሐንዲሷ እርግጠኛ ነኝ ብላ ተጫነች። የልቡ ምስል፣ መረቡ፣ ከእሱ የተሰላው ሁሉ፣ ቅጂዎቹም አንድ በአንድ ጠፉ። ሰሌዳው ላይ ባዶ ግራጫ ቀረ።

"ይኸው ነው?" አለች እናትየው፤ ሙግት ጠብቃ የመጣች ትመስል ነበር።

"ይኸው ነው።"

በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ የእናትየው ትከሻ የልጇን ትከሻ ነካ፤ ሲቃና መልሶ ተነሣ።

ኀፍረት እንደ ትኩሳት በኪኒን አይወርድም። መሐንዲሷ በአንድ ጎልማሳ ሰው ልብ ሥራውን ከሀ ጀመረች። በክፍሉ ቅጽል ስም ማውጣት ቀረ፤ ማንም እንዲቀር አላዘዘም፤ ዝም ብሎ ቀረ። እሷም ሌላ አመል አመጣች። ያልጠየቃትን ሰው ሁሉ፣ በሊፍት ውስጥ ሳይቀር፣ "እናቴ ተኳሽ ናት" ትላለች። አንድ ሽማግሌ የሂሳብ መምህር በአድናቆት "የት ግንባር?" ብሎ ጠየቃት። ያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ አስባው፣ ይህም ቢሆን ለራሷ እንጂ ለእናቷ ያደረገችው እንዳልሆነ ገባትና ተወችው። የሚያስፈልገው ቃል በሊፍት ውስጥ የሚባል አይደለም። መባል የነበረበት ቦታ ሌላ ነው፤ ቦታው ደግሞ አልፏል።

በእናትና በልጅ መካከል ቤቱ እንደወትሮው ይሄድ ነበር። እናትየው ምሳ ትቋጥርላታለች፤ ሸሚዟን ትተኩስላታለች። ስለ ሥራዋ መጠየቅ ግን ትታለች። በፊት ሳትጠይቅ አትተኛም ነበር። መሐንዲሷ በእራት ጊዜ ያንን ጥያቄ እየጠበቀች ዳቦዋን ትቆርሳለች፣ ሳይመጣ ሳህኑ ይነሣል። ምናልባት ዳግም አይመጣም ብላ መልመድ ጀምራ ነበር።

ዝናቡ አልፎ፣ ደረቁ ወራት ገብቶ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት እናትየው አንሶላ እያጣጠፈች ጫፉን አቀበለቻት። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ወጠሩት።

"ያ ሥራሽ ምን ደረሰ?"

አንሶላው ከመሐንዲሷ እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "እንደገና ጀምሬያለሁ። በአንድ ሰውዬ ልብ።"

"ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?"

"ስም ማውጣት ትተናል።"

"ለምን? እኔ ስሙ ያስቀየመኝ መሰለሽ?" አንሶላውን ሳበችና አጠፈችው። "ሰውየው ጠባሳ አለው?"

"የለውም። ጤነኛ ነው።"

"ታዲያ ከጤነኛ ምን ትማሪያለሽ?" ጫፎቹን አገናኝታ በመዳፏ ደለደለች። "መሣሪያው አሁንም እንደዚያ ይንጫጫል?"

"ይንጫጫል።"

"ማክሰኞ ሥራ የለኝም።"

ማክሰኞ ዕለት ምስል የምታነሣው ያችው ባለሙያ ነበረች። ኃላፊውም ነበረ፤ ጎፈሬውም ለመርዳት ነው ብሎ መጥቶ፣ የሚረዳው ነገር አጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል። እናትየው በላስቲክ ጫማዋ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጆሮዋ ላይ መሸፈኛ ተደርጎላት ወደ ዋሻው ገባች። ከመስታወቱ ማዶ የሚታየው የእግሯ ጣት ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ወደ መሐንዲሷ ዞረች። "እኚህን እናት የማውቃቸው ይመስለኛል። ፈቃደኛ ነበሩ አይደል?"

"እናቴ ናት" አለች መሐንዲሷ።

ለዓመታት ሲከብዳት የኖረውን ስትናገር ይቀለኛል ብላ አስባ ነበር። አልቀለላትም። እናትየው ጆሮዋ ተሸፍኖ ዋሻ ውስጥ ናት፤ መሐንዲሷ የተናገረችው፣ ከባለሙያዋ በቀር፣ ድሮም ለሚያውቁት ሰዎች ነው።

"እንግዲያው አንቺው ብታናግሪያቸው ይሻላል" አለች ባለሙያዋና ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ገፋችላት። "በዚህ ካልሆነ አይሰሙም።"

መሐንዲሷ ቁልፉን ተጫነች። መሣሪያው ያጓራል። አጠገቧ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እማዬ" አለች። "ትንፋሽሽን ያዢ።"

የእግር ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ከዋሻው ውስጥ በድምፅ ማጉያው የእናትየው ሳቅ መጣ፤ ሊታፈን ሞክሮ ያመለጠ ሳቅ።

"እርስዎነቴ ቀረ?" አለች ከውስጥ።

ባለሙያዋ ምስሉን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ተንቀሳቅሰዋል፤ ተበላሽቷል። እንደገና ንገሪያቸው።"

መሐንዲሷ ፊቷ እስከ ጆሮዋ እየጋለ፣ ጎፈሬውም ኃላፊውም እያዩዋት፣ ቁልፉን እንደገና ተጫነች።